ሰሌዳውን ማን ይያዝ?

በትረ ሥልጣኑን በገዛ እጁ ለበታቾቹ የሚያቀብል አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። የእኔዎቹ አለቆች (ስማቸው ይቆየንና) ለሻይ ሲወጡ እንኳ ማኅተሙን ኪሳቸው ከተው ነበር የሚወጡት።

ስቲቭ ከር የሚባለው አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ግን አደረገው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2018 ነው። ጎልደን ስቴት ዋርየርስ ከፊኒክስ ሰንስ ጋር ሲጫወት፣ ጨዋታው ለአፍታ በተቋረጠ ቁጥር ተጫዋቾቹ ከበው ቆሙ። ሰሌዳውን ይዞ የሚሥለው ግን አሠልጣኙ አልነበረም፤ ኢጉዳላ፣ ግሪን፣ ዌስት ነበሩ፤ ያውም እየተቀባበሉ። ውጤቱ? 129 ለ 83።

ከር ሲጠየቅ የሰጠው ምክንያት ቀላል ነው። ልጆቹ እሱን መስማት ሰልችቷቸዋል፤ ቡድኑ ደግሞ የእነሱ ነው። እስቲ አስቡት፤ «አልሰማ አሉኝ» ብሎ መቆጣት እያለ፣ ዝም ብሎ ሰሌዳውን መስጠት!

ይህን ከየት አመጣው? የእኔ ግምት ከተጠባባቂ ወንበር ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲመረጥ 50ኛ ነበር። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆንም የማንም ቡድን ኮከብ አልነበረም። በ1995 ልምምድ ላይ ከማይክል ጆርዳን ጋር ተጣልቶ ፊቱን በቡጢ ተመትቷል። በ1997 ፍጻሜ ግን ሁሉም ጆርዳንን ሲከብ፣ ጆርዳን ኳሷን ለእሱ ሰጠው፤ አገባት፤ ቺካጎም ዋንጫውን ወሰደ። ወንበር ላይ ብዙ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ነገር አለ፤ ዝም ያለው ልጅ ምን እንደሚያውቅ ያያል። አስማተኛ የሚሉት ማጂክ ጆንሰን በ1994 ሌከርስን ሲያሠለጥን ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው 5 ብቻ ነበር፤ ለቀቀ። ሜዳ ላይ ያልቸገረው ሰው፣ የሌላው ችግር ምኑ ይገባዋል? (ይህ ሁልጊዜ ይሠራል አልልም፤ ቢል ራስል ኮከብም አሠልጣኝም ሆኖ፣ ያውም እየተጫወተ፣ በ1968 እና በ1969 ቦስተንን ሻምፒዮን አድርጓል።)

ሆኖም የፊኒክስ ልጆች በነገሩ ከፍቷቸው ነበር። «ንቀት ነው» ያለ አልጠፋም። ልክ አይደሉም ለማለት ይቸግረኛል። በዚያ የውድድር ዘመን ከ82 ጨዋታ ያሸነፉት 21 ብቻ ነው። ከር ሰሌዳውን የሰጠው ደካማውን መርጦ ቢሆንስ? በፍጻሜው ጨዋታ መቼ ሰጠ? ለራስ ልጆች ያሳዩት አክብሮት፣ ማዶ ለቆመው ስድብ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ደግሞስ ሲፈልጉ የሚመልሱት ሥልጣን፣ ሰጡት ይባላል ወይስ አዋሱት?

እኔ እንኳ ከር ይሻለኛል። ቢያንስ ተጫዋቾቹ 46 ነጥብ አብልጠው ሲያሸንፉ ወንበሩ ላይ ችሎ ተቀምጧል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ያለ እኔም ይሆናል ማለትን ይጠይቃል።

አስተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ጠመኔውን ለአንድ ተማሪ ሰጥቼ ነበር። ልጁ ከእኔ አሳምሮ ማስረዳት ጀመረ። ክፍሉ ጸጥ አለ። «ሰዓት አልቋል» ብዬ ተቀበልኩት። ሃያ ደቂቃ ይቀረን ነበር።