ገዳዩ ያልታወቀ ደም መዝናኛ ይሆናልን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ስውሩንም ግልጹንም ለሚያውቀው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶች ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። «ፊልም ስለማየት ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚሉም አይጠፉም። ነገሩ ግን ከደም፣ ከሰው ክብርና ከምስክርነት ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በሸሪዓችን ዘንድ ቀላል ሆነው አያውቁም።

በአሜሪካ «አንሶልቭድ ሚስትሪስ» ወይም «ያልተፈቱ ምስጢሮች» የሚባል የቴሌቪዥን ዝግጅት አለ። ኤን.ቢ.ሲ. በተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1987 በልዩ ዝግጅትነት ታየ፤ በ1988 ደግሞ ቋሚ ሆነ። ለረጅም ዓመታት ያቀረበው ተዋናዩ ሮበርት ስታክ ነበር። ካፖርቱን ለብሶ ከጭጋግ ውስጥ ብቅ እያለ፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ ገዳዩ ስላልታወቀ ሟች፣ የገባበት ስላልታወቀ ሰው፣ ከሕግ ስላመለጠ ወንጀለኛ ይተርካል። የሟች ዘመዶች ቀርበው ይናገራሉ። የሆነውን ነገር ተዋንያን እንደገና ያሳያሉ። በመጨረሻም ስልክ ቁጥር ይሰጥና የሚያውቅ ሰው እንዲደውል ይጠየቃል። ስታክ በ2003 ሞቷል። ዝግጅቱ ግን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲዘዋወር ቆይቶ በ2020 በኔትፍሊክስ በአዲስ መልክ ተመልሷል።

የሚያስገርመው የአዲሱ ሳይሆን የአሮጌው ተፈላጊነት ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠሩት ክፍሎች ዛሬ በዩቲዩብ ተጭነው እንደ አዲስ ይታያሉ። በልጅነታቸው ያዩዋቸው ሰዎች የመክፈቻውን ሙዚቃ ሲሰሙ ይይዛቸው ስለነበረው ፍርሃት ይጨዋወታሉ። የትኛው ታሪክ ይበልጥ እንደሚያስፈራ ደረጃ ያወጣሉ። ገዳዩ እገሌ ሳይሆን አይቀርም እያሉም ይከራከራሉ። ይህ የፈረንጆች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በዋሽንግተንም ሆነ በአዲስ አበባ ያለው ወጣታችን ከስልኩ የሚያገኘው ያንኑ ነው፤ በአማርኛ የሚተረኩ የወንጀል ታሪኮችም ተመልካቻቸው ብዙ ነው። ቀድሞም ቢሆን «ፖሊስና ርምጃው» ጋዜጣ በአገራችን በጉጉት ይነበብ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። እኔም ጋዜጠኛ ነኝና ሳላይ መጻፍ ስለማልወድ በርካታዎቹን አሮጌ ክፍሎች ተመልክቼ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

መልካሙን መካድ አይገባም

በቅድሚያ ፍትሐዊ እንሁን። ይህ ዝግጅት በጎ ነገር ሠርቷል። አዘጋጆቹ ከ260 በላይ ጉዳዮች መፍትሔ እንዳገኙ ይናገራሉ። ከሕግ የሸሹ ተይዘዋል፤ ለዓመታት የተጠፋፉ ቤተሰቦችም ተገናኝተዋል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 32 አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ መግደልን ሰዎችን ሁሉ እንደ መግደል፣ አንዲትን ነፍስ ማትረፍንም ሰዎችን ሁሉ እንደ ማትረፍ ቆጥሮታል። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 283 ደግሞ ምስክርነትን የሚደብቅ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ መሆኑን ነግሮናል። ስለዚህ ገዳይን ያየ ወይም የጠፋ ልጅ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ስልክ አንስቶ መናገሩ ሐሜት አይደለም፤ ሐቅን መወጣት ነው።

በየክፍሉ መጨረሻ ይታይ የነበረው ስልክ ቁጥር የዝግጅቱ ነፍስ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ተመልካቹን ከመቀመጫው አስነስቶ ምስክር የሚያደርገው እሱ ነበርና።

ምስክርነቱ ሲቀር ምን ይቀራል?

ያንን ክፍል ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለአምስተኛ ጊዜ የሚያይ ሰውስ? የሚደውልበት ጉዳይ የለውም። የሚያየው ሊመሰክር አይደለም፤ ሊፈራ፣ ሊደነቅ፣ ልጅነቱን ሊያስታውስ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ሐቆች ይጣሳሉ ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው የሟችና የቤተሰቡ ሐቅ ነው። ገዳዩን መስሎ የሚጫወተው ተዋናይ ቢሆንም፣ የምታለቅሰው እናት ግን ተዋናይት አይደለችም። ያኔ ፊቷን ለካሜራ የሰጠችው ልጇን የገደለው እንዲገኝ ብላ ነው። የማታውቃቸው ሰዎች የእሷን እንባ ከሌላዋ እናት እንባ ጋር እያወዳደሩ ደረጃ እንዲያወጡለት አልነበረም። እሷ የሰጠችው አደራ ነው። አደራን ለሌላ ጥቅም ማዋል ምን እንደሚባል ለሙስሊም አይነገርም።

ሁለተኛው የተጠርጣሪው ሐቅ ነው። ጎረቤት፣ ባል፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሁሉም በዚያ አሮጌ ፊልም ውስጥ እንደተጠረጠረ ይኖራል። ምናልባት በኋላ ነፃ መሆኑ ታውቋል፤ ምናልባትም ሞቷል። በአሜሪካ ከ1989 ወዲህ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሏቸው የታሰሩ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ንጹሕነታቸው ተረጋግጧል። ማስረጃ መርምሮ የፈረደ ዳኛ እንዲህ ከተሳሳተ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚፈርደው ተመልካች ምን ያህል ይሳሳት? አላህ በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ፣ ነውርን እንዳንከታተል፣ እንዳንታማ በአንድ አንቀጽ አዞናል። ጥርጣሬ ወደ ስለላ፣ ስለላም ወደ ሐሜት ይመራልና ሦስቱ መከታተላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም በዘገበው ሐዲስ ስለ ወንድም የሚነገረው እውነት ከሆነ ሐሜት፣ ካልሆነ ደግሞ ቅጥፈት መሆኑን አስረድተዋል። በመካከል ሦስተኛ መንገድ አላስቀመጡልንም።

ሦስተኛው የራሳችን የልባችን ሐቅ ነው። ግድያ በየምሽቱ ከሻይ ጋር የሚቀርብ ነገር ሲሆን ልብ ቀስ በቀስ ይደርቃል። መጀመሪያ ላይ የሚዘገንነው ነገር በኋላ አልበቃው ይላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻ ሰላት በኋላ ወሬ ይዞ ማምሸትን ይጠሉ እንደነበር ቡኻሪ ዘግቧል። ከዒሻ እስከ እኩለ ሌሊት ሬሳ ሲመለከት ያመሸ ወጣት ለፈጅር በምን ልብ ይነሳል?

በኸይበር የተገደለው ሰሓባ

ገዳዩ ያልታወቀ ሟች በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመንም ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ዐብደላህ ኢብን ሰህል (ረ.ዐ.) ከሙሐይሳ (ረ.ዐ.) ጋር ወደ ኸይበር ሄዶ ሳለ ተገድሎ ተገኘ። ዘመዶቹ መዲና መጥተው ለነቢዩ አመለከቱ። የሟች ወንድም ዐብዱረሕማን በዕድሜ ትንሹ ነበርና መናገር ሲጀምር፣ ነቢዩ ታላቁ እንዲቀድም አዘዙ። ሐዘን ባለበት ቦታ እንኳ ሥርዓት ነበር።

ዘመዶቹ የጠረጠሩት የኸይበር አይሁዶችን ነበር። ነቢዩ ግን በጥርጣሬ አልፈረዱም። የሟች ወገኖች ሃምሳ መሐላ ምለው የሚወነጅሉትን እንዲለዩ ጠየቋቸው። እነሱም ስላላየን አንምልም አሉ። ወገናቸው ተገድሎ፣ ደማቸው እየፈላ፣ ያላዩትን አይተናል አላሉም! ተጠርጣሪዎቹ ደግሞ ሃምሳ ጊዜ ምለው ነፃ ሊወጡ እንደሚችሉ ነቢዩ ሲነግሯቸው፣ የእነሱን መሐላ መቀበል አልሆነላቸውም። ጉዳዩ ሳይፈታ ቀረ። ታዲያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን አደረጉ? የሟቹ ደም ከንቱ ሆኖ እንዲቀር ስላልፈለጉ መቶ ግመል ካሳ ከራሳቸው በኩል ከፈሉ።

ወንድሞችና እህቶች! ይህን ታሪክ ደጋግመን እናስተውለው። ገዳዩ አልታወቀም፤ ስለዚህ የሌላ ሃይማኖት ተከታይ እንኳ ቢሆን ማንም በግምት አልተወነጀለም። ገዳዩ አልታወቀም፤ ሆኖም የሟች ቤተሰብ አልተረሳም። እኛ በስልካችን የምናደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው። በግምት እንወነጅላለን፤ ቤተሰቡን ግን እንረሳለን።

በ2013 የታዩ ሁለት ነገሮች

ግምት የት እንደሚያደርስ በቅርብ ጊዜ አይተናል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሦስት ሰዎች ሲሞቱ፣ በኢንተርኔት ላይ ራሳቸውን መርማሪ ያደረጉ ሰዎች ፎቶ ማገላበጥ ጀመሩ። ከዚያ ቀደም ጠፍቶ ቤተሰቡ ይፈልገው የነበረን ተማሪ ወንጀለኛው እሱ ነው አሉ። ልጁ ከነገሩ ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ በኋላም አስከሬኑ ተገኘ። ልጁን በጭንቀት ሲፈልግ የነበረው ቤተሰብ በዚያው ሰሞን የስድብ ውርጅብኝ ወረደበት። አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣም የሁለት ንጹሐን ወጣቶችን ፎቶ በፊት ገጹ አወጣ፤ አንደኛው ከሞሮኮ ቤተሰብ የተወለደ ታዳጊ ነበር። እነዚያ «መርማሪዎች» ይህን ልማድ ከየት አመጡት? ወንጀልን እንደ እንቆቅልሽ እየፈቱ መዝናናትን የለመደ እጅ አንድ ቀን በሕይወት ያለ ሰው ላይ መጠቆሙ አይቀርም።

በዚያው ዓመት እኛም ቴሌቪዥን ሲፈርድ አይተናል። በ2005 ዓ.ም. ጥር ወር «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ፣ የኮሚቴው አባላት እስር ላይ ነበሩ፤ ጉዳያቸውም በፍርድ ቤት ተይዞ ገና አልተወሰነም ነበር። በሙዚቃና በተቀናበረ ምስል ታጅቦ ፍርዱ ከዳኛ በፊት ለሕዝብ ተነበበ። ያን ምሽት ስንቱ የሙስሊም ቤት በሐዘን እንዳደረ የምታውቁት እናንተው ናችሁ። በኛ ሲደርስ ግፍ ያልነው ነገር በማናውቀው አሜሪካዊ ጎረቤት ወይም ባል ላይ ሲደርስ እንዴት ጨዋታ ይሆናል? አላህ በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 135 በራሳችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንቆም አዞናል። ፍትሕ ለወገን ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ፍትሕ መሆኑ ይቀራል።

ቁርኣን ወንጀልን እንዴት ይተርካል?

«ታዲያ ቁርኣንስ የግድያ ታሪክ ይነግረን የለምን?» የሚል ጠያቂ ሊኖር ይችላል። አዎን ይነግረናል። የአደም ሁለት ልጆች ታሪክ በማኢዳ ውስጥ አለ። የበኒ ኢስራኢል ገዳዩ ያልታወቀ ሟች ታሪክም በሱረቱል በቀራ ከላሟ ጋር ተነግሯል። ሱረቱ ዩሱፍማ የሐሰት ደም የተቀባ ቀሚስ፣ በኋላም ከጀርባው የተቀደደ ቀሚስ የማስረጃ ነገር ሆነው የቀረቡበት ነው።

አነጋገሩን ግን ልብ በሉ። የአደም ልጆች ስም በቁርኣን አልተጠቀሰም። የዚያ ሟች ስምም የለም። በዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ላይ የዋሸችው ሴት በማዕረግ ባሏ ተጠራች እንጂ ስሟ አልተነሳም። ደሙ እንዴት እንደፈሰሰ፣ ሟች እንዴት እንደጮኸ አልተዘረዘረም። የቀረው ትምህርቱ ብቻ ነው፤ ቅናት ወንድምን እንደሚያስገድል፣ የተደበቀውን አላህ እንደሚያወጣ፣ ንጹሕ ሰው ቢታሰርም ንጽሕናው እንደማይጠፋ። ሱራው የሚያበቃውም የእነዚህ ታሪክ ለባለ አእምሮዎች መገሠጫ መሆኑን በመንገር ነው። አንድን የወንጀል ታሪክ አይተን ስንነሳ በእጃችን የቀረው ተግሣጽ ከሆነ ጥሩ፤ ፍርሃትና ስም ብቻ ከሆነ ግን ጊዜያችንን ከስረናል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በበኩሌ ማየትን በጅምላ ሐራም ነው ለማለት ዳኛም ሙፍቲም አይደለሁም። የምለው ግን ይህን ነው። የምታውቀው ነገር ካለ ለሕግ ተናገር፤ አትደብቅ። የማታውቅ ከሆነ ስም አትጥራ፤ ሌላው የጠራውንም አታስተላልፍ። የሰማውን ሁሉ ማውራት ለሰው ውሸታምነት እንደሚበቃው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ልጆቻችሁ በሌሊት ምን እንደሚያዩ ጠይቁ። የሟች ዘመድ ከጎናችሁ ተቀምጦ ቢሆን በዚያ ድምፅ ትስቁ፣ በዚያ ቃል ትከራከሩ እንደሆነም ራሳችሁን መርምሩ።

ደግሞም አንርሳ፤ በሰዎች መካከል በቂያማ ቀን መጀመሪያ የሚፈረደው በደም ጉዳይ መሆኑን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በሕይወት ሳለች የተቀበረችው ሕፃን በምን ወንጀል እንደተገደለች የምትጠየቅበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ያልተፈታ ምስጢር አይኖርም። ገዳይ ይቆማል፤ ሟችም ይቆማል። ሳያይ የመሰከረ፣ ሳያውቅ የወነጀለ ምላስና ጣትም ይቆማሉ። በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 36 እንደተነገረን መስሚያም፣ ማያም፣ ልብም ተጠያቂዎች ናቸውና።

አላህ (ሱ.ወ.) ዓይናችንን ከማይጠቅም፣ ምላሳችንን ከማናውቀው ይጠብቅልን። ልጆቻቸው ጠፍተውባቸው ለሚጨነቁ ወላጆች ሁሉ ፈረጃውን ያምጣላቸው። በግፍ የተወነጀሉትን ንጽሕናቸውን ይግለጽላቸው። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።