ስለ እጅ መንሻና ስለ ብድራት

ሰው ብድራት እንደሚመለስለት እያሰበ የሰጠው ነገር ስጦታ ይባላልን ወይስ ንግድ? ይህን ጥያቄ የጥንት አይስላንዶች በአንድ አጭር ታሪክ መርምረውታል፤ ታሪኩም በ13ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው ሞርኪንስኪና በተባለው የነገሥታት ታሪክ መጽሐፍ ይገኛል።

አውዱን የሚባል ድኻ ሰው ለእናቱ የሦስት ክረምት ቀለብ አስቀምጦ ወደ ግሪንላንድ ተሻገረ፤ በዚያም ያለውን ሁሉ አውጥቶ አንድ ነጭ ድብ ገዛ። አሳቡ ለዴንማርክ ንጉሥ ለስቬን እጅ መንሻ ሊያደርገው ነበረ። ነገር ግን በመንገዱ ኖርዌይ ቢደርስ ንጉሡ ሐራልድ አስጠራው፤ ሁለቱ ነገሥታት በዚያ ወራት በጦርነት ላይ ነበሩ። ሐራልድ ድቡን በእጥፍ ዋጋ እንዲሸጥለት ቢጠይቀው እንቢ አለ፤ እንግዲያስ በስጦታ እንዲሰጠው ቢጠይቀው አሁንም እንቢ አለ። ሐራልድ ግን አልነጠቀውም፤ ሲመለስ የስቬንን ብድራት መጥቶ እንዲነግረው ብቻ አዝዞ በሰላም አሰናበተው።

ዴንማርክ ሲደርስ ስንቁ አለቀ። አኪ የተባለው የንጉሡ ሹም ይህን አይቶ፥ ስለሚሰጠው ምግብ የድቡን እኩሌታ ወሰደ። ይህ በገበያ ሕግ ቢታይ መሸጥና መግዛት ነው፤ አውዱንም ተስማምቷል። ስቬን ግን ጠላቱ ሐራልድ ያሳለፈውን ሰው የገዛ ሹሙ በረኃቡ ጊዜ ስለ ያዘው፥ አኪን ከአገር አስወጣው። እንግዲህ ንግድን ከስጦታ የለየው የብድራት መኖርና አለመኖር አይደለም። በስጦታ ተቀባዩ ሊያስገድድ፥ ሰጪውም ሊጠይቅ አይችልም፤ ብድራቱ በጊዜው እስኪመጣ ድረስ በሁለቱ መካከል ያለው መተማመን ብቻ ነው።

አውዱን ሮምን ተሳልሞ ታሞና ከስቶ በተመለሰ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሳቁበት፤ ንጉሡም ገሠጻቸው። ጠጅ አሳላፊ ሊያደርገው ቢፈልግ፥ ሦስተኛው ክረምት እያለቀ እናቱ እንዳትቸገር ብሎ ስንብት ለመነ። የስቬንም ብድራት እዚህ ላይ ሊመረመር ይገባዋል። መርከብ ሰጠው፤ መርከቡ ቢሰበር ድኻ እንዳይሆን በከረጢት ብር ጨመረለት፤ ብሩም ቢጠፋ ከንጉሥ ዘንድ መምጣቱ እንዲታወቅ የወርቅ አምባር ሰጠው። ንጉሡ ስለ ራሱ ክብር ሳይሆን ስለ ሰውዬው መንገድ አስቧል። አምባሩንም ትልቅ ውለታ ለዋለለት ታላቅ ሰው ካልሆነ በቀር ለማንም እንዳይሰጠው መከረው።

አውዱንም አምባሩን ለሐራልድ ሰጠው። ሐራልድ ግን ምን ሰጥቶት ነበረ? አንዳች ነገር አልሰጠውም። ድቡንም ነፍሱንም ሊወስድ ሲችል ተወለት፤ ይህ ብቻ ነው። ስለ አገዛዙ ብርታት ሐርድራዳ የተባለውና በ1066 በእንግሊዝ አገር በጦር ሜዳ የወደቀው ይህ ንጉሥ የቱን ያህል እጁ ከባድ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው የተወለት ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን ያስተውላል። ብዙ ሰው የተሰጠውን ይቈጥራል፤ ያልተወሰደበትን የሚቈጥር ግን ጥቂት ነው።

ሐራልድም ሰይፍና ካባ መለሰለት፤ አውዱንም በዚያው በጋ ወደ እናቱ ገባ።