ድንበሩ ባይኖር ማንን እንፈራ ነበር?

የወጣቶች ኅብረታችን አስተባባሪዎች የተመረጡ ቀን አምስት ስሞች ቀረቡልን። እኔ እጄን ያነሣሁት ለሁለተኛው ስም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ አብራኝ የምትዘምር እህት «እርሱን ለምን መረጥከው?» አለችኝ። «ጥሩ ልጅ ነው» አልኳት። «አብራችሁ አገልግላችኋል?» ስትል ጠየቀችኝ። አላገለገልንም። ስለ እርሱ በእርግጥ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባቱ አገርና የአባቴ አገር አንድ ነው። በዚያው ቀን ሁለት ዓመት ሙሉ የኅብረቱን ሒሳብ በታማኝነት የያዘች ልጅ በጥቂት ድምፅ ሳትመረጥ ቀረች።

ይህ ነገር ሲከነክነኝ ከርሞ ስለ ሁለት ጎረቤታሞች አገሮች አነበብሁ። ያነበብሁትን ላካፍላችሁ።

አንድ ሕዝብ፣ ሁለት አገር

በደቡባዊው አፍሪካ ዛምቢያና ማላዊ ይዋሰናሉ። በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ቼዋና ቱምቡካ የተባሉ ሁለት ሕዝቦች ይኖራሉ። ድንበሩን በ1891 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያሰመሩት ቅኝ ገዢዎች ለአስተዳደራቸው እንዲመቻቸው እንጂ ሕዝቡን አይተው አልነበረም። ስለዚህ የዛምቢያው ቼዋ ከማላዊው ቼዋ ጋር፣ የዛምቢያው ቱምቡካም ከማላዊው ቱምቡካ ጋር በቋንቋም በባህልም አንድ ነው።

ዳንኤል ፖስነር የተባለ አሜሪካዊ የፖለቲካ ምሁር ከድንበሩ አጠገብ ባሉ መንደሮች ያደረገውን ጥናት በ2004 አሳተመ። ለመንደሮቹ ነዋሪዎች ካቀረባቸው ጥያቄዎች መካከል ሁለቱ እነዚህ ነበሩ፦ ከሌላው ወገን ለሆነ ሰው ፕሬዚዳንት እንዲሆን ድምፅ ትሰጣለህ? ከሌላው ወገን ታገባለህ? በማላዊ በኩል ለሁለቱም ጥያቄ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «አይሆንም» አሉ። በዛምቢያ በኩል ግን እንዲህ ያሉት ከአራት ሰው አንድ ገደማ ነበሩ። ቋንቋው ያው፣ ባህሉም ያው ሆኖ ሳለ ልባቸው ግን ተለያየ።

ለምን? በማላዊ ሁለቱም ሕዝቦች ብዙዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ፓርቲ መሸከም ይችላል። በ1994 በተደረገው የመድብለ ፓርቲ ምርጫ የቼዋዎች ምድር የሆነው መካከለኛው ክልል በብዛት ለካሙዙ ባንዳ ፓርቲ ድምፁን ሰጠ። የቱምቡካዎች አገር በሆነው ሰሜን ደግሞ 33ቱንም የምክር ቤት መቀመጫዎች የቻኩፍዋ ቺሃና ፓርቲ ወሰደ። ደቡቡ ወደ ባኪሊ ሙሉዚ አዘነበለ፤ ፕሬዚዳንት የሆነውም ሙሉዚ ነው።

በዛምቢያ ሁለቱም ጥቂቶች ናቸው። ብቻውን ቆሞ ሥልጣን መያዝ ለአንዳቸውም አይቻልም። ስለዚህ «እኛ የምሥራቅ ሰዎች» ብለው በአንድነት ይቆማሉ። በ1991 የኬኔት ካውንዳ ፓርቲ በመላው አገሪቱ ሲሸነፍ ከ150 መቀመጫዎች ያገኘው 25 ብቻ ነበር፤ ከእነዚህም 19ኙ የምሥራቃዊው ክፍለ ሀገር መቀመጫዎች በሙሉ ነበሩ። ቼዋውም ቱምቡካውም አብረው አንዱን ፓርቲ መርጠዋል።

ለመፍረድ አንቸኩል

ይህን ሲሰማ «ዛምቢያውያን ደጎች፣ ማላዊያን ክፉዎች ናቸው» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ አይደለም። የዛምቢያዎቹን ያስተባበራቸው የቁጥር ስሌት ነው፤ «እኛ» የሚለው ክበብ ሰፋ እንጂ ከክበቡ ውጭ የቀረ «እነርሱ» አልጠፋም። ስሌት ያመጣው ወዳጅነት ስሌቱ ሲለወጥ ይሄዳል።

የማላዊ ቱምቡካዎችንም ያለ ምክንያት ይፈራሉ ማለት አይቻልም። በ1968 ቺቼዋ ብሔራዊ ቋንቋ ሲደረግ ቺቱምቡካ ከሬዲዮና ከጋዜጣ ተወገደ። በ1989 የሰሜን ተወላጅ መምህራን ከሚያስተምሩበት ተነሥተው ወደ ትውልድ ክልላቸው እንዲመለሱ ታዘዘ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ለወገኑ ድምፁን ቢሰጥ ጥላቻ ነው ብዬ አልፈርድበትም። የተቃጠለ ሰው እሳት ቢፈራ ማን ይቆጣዋል?

ግን አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። ያ የማላዊ ቱምቡካ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ምዕራብ ቢወለድ ኖሮ ዛሬ የሚፈራው ቼዋ ወዳጁ ይሆን ነበር። እኔስ በልቤ ከያዝሁት «እነርሱ» ስንቱ የእኔ ነው? ስንቱንስ ሌላ ሰው ያሰመረው መስመር አበጀልኝ?

ፍቅርና ሚዛን

ወገንን መውደድ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ስለ ሥጋ ዘመዶቹ እጅግ አዝኗል። ግን ስጦታና ድምፅ ይለያያሉ። ከእንጀራዬ አስቀድሜ ለወንድሜ ብቆርስ ማንንም አልበደልሁም፤ እንጀራው የእኔ ነው። የገበያውን ሚዛን እንዲይዝ ወንድሜን የሾምሁት ወንድሜ ስለሆነ ብቻ ከሆነ ግን እህል ሊሸጥ የመጣውን እንግዳ ሁሉ በድያለሁ። ድምፅ እንደ ሚዛኑ ነው። እኔ ብሰጠውም የሚሠራው በሌላው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ድምፄን እንደ ግል ስጦታ ማደል አልችልም።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 የሴኬም ሰዎች አቤሜሌክን ያነገሡት የእናቱ ወገኖች ስለሆኑ ነበር። ሌላ መመዘኛ አላቀረቡም። በሰጡት ብር ወሮበሎች ቀጥሮ ወንድሞቹን አረደ። ሦስት ዓመት ቆይቶም እነዚያኑ ዘመዶቹን በግንባቸው ውስጥ አቃጠላቸው። «የእኛ ነው» ብሎ የተሾመ ሰው የእኛ ሆኖ ለመቆየት ምንም ግዴታ አልገባም ነበርና።

እዚህ ላይ እኛን ወንጌላውያንን የሚነካ ነገር አለ። በማላዊ የ2019 ምርጫ ውጤት በፍርድ ቤት ተሰረዘ፤ አሸናፊውም ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት አለበት ተባለ። አሁን ማንም በወገኑ ብቻ ማሸነፍ አልቻለም። በሰኔ 2020 በተደገመው ምርጫ መካከለኛውና ሰሜኑ አንድ ሆነው ላዛረስ ቻክዌራ ከ58 በመቶ በላይ አገኘ። ስሌቱ ሲለወጥ የትናንት ባላጋራዎች አብረው ቆሙ። ቻክዌራ ቼዋ ነው፤ ወደ ፖለቲካ ከመግባቱ በፊትም የማላዊ አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ ቤተ ክርስቲያንን ለብዙ ዓመታት መርቷል። በኑሮ ውድነትና በነዳጅ እጥረት የተቸገረው ሕዝብ ግን በመስከረም 2025 በፒተር ሙታሪካ ተካው። እርሱም ሽንፈቱን ተቀብሎ ለቀቀ። እንግዲህ «ጰንጤ ነው» ብሎ መምረጥም «የአገሬ ልጅ ነው» ብሎ ከመምረጥ አይለይም። ሁለቱም የሰውየውን ሥራ ሳይጠይቁ «የእኛ ነው» ይላሉ።

«ሁሉም ለወገኑ ሲመርጥ እኔ ብቻ ሚዛን ብይዝ ሞኝ አልሆንም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በአገር ምርጫ የሚያስፈራ ነገር አለ፤ መሬት፣ ሥራ፣ ቋንቋ ሊወሰድ ይችላል። ከማላዊም የምንማረው ሕጉ ሰውን ወደ ሌላው እንዲያይ ማስገደድ እንደሚችል ነው። ነገር ግን በኅብረታችን ምርጫ ምን እንዳይወሰድብኝ ፈርቼ ነበር? ማንም ከቤቴ አያፈናቅለኝም፤ ከሥራዬም አያባርረኝም። ፍርሃት በሌለበት ስፍራ ሚዛን መያዝ ካቃተኝ ፍርሃት ባለበት ስፍራ እይዛለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው።

ስለዚህ እጄን ከማንሣቴ በፊት ራሴን ሁለት ነገር ልጠይቅ ወስኛለሁ። ይህ ሰው ያው ሥራና ያው ጠባይ ኖሮት ከሌላ ወገን ቢወለድ እመርጠው ነበር? ያችኛዋስ የእኔ አገር ልጅ ብትሆን አልፋት ነበር?

ሒሳቡን የያዘችውን እህት ሄጄ አነጋገርኋት። የመረጥሁት ለምን እንደሆነ ሳልሸሽግ ነገርኋትና ይቅርታ ጠየቅሁ። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እኔም የመረጥሁት የአገሬን ልጅ ነው» አለችኝ።