በራችንን የምናሳምረው ለማን ነው?



ዒድ ሲቃረብ ብዙዎቻችን የቤታችንን መግቢያ በሌላ ዓይን ማየት እንጀምራለን። ቀለሙ ተላልጧል፣ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ጫማው በሩ ላይ ተቆልሏል። ስልካችንን ስንከፍት ደግሞ ትልቅ መስታወት የተሰቀለበት፣ እብነበረድ የተነጠፈበት መግቢያ እየደጋገመ ይመጣል። ኪሳችን ግን ያው ነው። ስለዚህ ቀለም ከመግዛታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንመልስ፦ ይህችን ጥቂት ብር የምናወጣው ለማን ብለን ነው?

ማሳመር በራሱ ነውር የለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ኩራት ሲያስጠነቅቁ አንድ ሰው፣ ልብሱና ጫማው እንዲያምር የሚወድ ሰውስ ብሎ ጠየቃቸው። አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ነገሩት፤ ኩራት እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ መሆኑንም አስረዱት። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። የጸዳ ደጃፍና በጣሳ የተተከለች አበባ ማንንም አይጎዱም።

ቡኻሪ የዘገቡት ሌላ ታሪክም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ልጃቸው ፋጢማ (ረ.ዐ) ቤት ሄደው ሳይገቡ ተመለሱ። ምክንያቱ በሯ ላይ የተሰቀለው ያሸበረቀ መጋረጃ ነበር። ፋጢማ ምን እንድታደርግበት እንደሚፈልጉ ስታስጠይቅ ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ እንድትልከው አዘዟት። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እኛ ለጌጥ በሰቀልነው ጨርቅ ዋጋ የሌላ ሰው ጉድለት ይሞላ ነበር።

መጋረጃ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ቤት ሲሄዱ ከበሩ ፊት ለፊት አይቆሙም፤ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ፈቀቅ ይሉ ነበር። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ እንደተገለጸው፣ ያኔ ቤቶች መጋረጃ ስላልነበራቸው ነው። የቤተሰብን ገመና የሚሸፍን መጋረጃ እንግዲህ ቁም ነገር ነው፤ ተራ አቡጀዲም ቢሆን ሥራውን ይሠራል።

ብሩ ትንሽ ከሆነ ደጃፋችንን በሚረግጡት ሰዎች እንጀምር። ኮንዶሚኒየም የምንኖር ከሆነ ኮሪደሩ የጋራ ነው። ጎረቤታችን ያሉ እናት በጨለማ የእኛን ጫማ እየተሻገሩ የሚያልፉ ከሆነ፣ ከመስታወቱ በፊት አምፖልና የጫማ መደርደሪያ ይቀድማል። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ያ መንገድ ከራሳችን በር ይጀምራል። አያታችን ተቀምጠው ጫማቸውን የሚያወልቁባት ዱካ፣ የማይንሸራተት የእግር መጥረጊያ፣ የማይነቃነቅ ደረጃ፦ ወጪያቸው ትንሽ፣ ኒያው ካማረ ምንዳቸው ትልቅ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ወጣቶች፣ በተለይ አዲስ ተጋቢዎች፣ «ቤቱ ትንሽ ይስተካከልና እንጠራችኋለን» እያሉ ዓመት ያልፋል። አክስት ሳትጠራ ትቀራለች፣ ጓደኛ ይርቃል። ቤቱ እስኪያምር ስንጠብቅ ሲለቱ ረሒም ይቆረጣል። ሰው እንዳይንቀን ፈርተን በራችንን ከዘጋን፣ ያ በር ምንም ያህል ቢያምር ለማን ይጠቅማል?

ወንድሜ፣ እህቴ፦ ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለሱ እንደ እንግዳ ሆናችሁ በራችሁ ላይ ቁሙ። ምን ያደናቅፋል? ምን ይጨልማል? ገመናን የሚያጋልጠውስ ምንድን ነው? እሱን አስተካክሉ። ከዚያ የተረፈች ብር ካለች ከፊሏን ለቀለም፣ ከፊሏን ለተቸገረ ጎረቤት አድርጉ። ከዚያም ስልክ አንሱና ለረጅም ጊዜ ያልጠራችሁትን ዘመድ «ኑ፣ ቡና እንጠጣ» በሉ። ቀለሙ ሳይደርቅ ቢመጡም ግድ የለም።

አላህ ቤቶቻችንን ሰላም የሚገባባቸው፣ እንግዳ የማይሳቀቅባቸው ያድርግልን። አሚን።