ለማሽን የተሰጠ ሐሰተኛ ቃል

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በየወረዳው ከተማ ኔትወርክ የምንዘረጋና ሰርቨር የምንጠብቅ ሁላችን ሕጉን ሳናውቅ የሳትን አይደለንም፤ ተምረነው፣ ተፈትነንበት፣ ሰርተፊኬት ከተቀበልንበት በኋላ እርግፍ አድርገን የተውነው ነን እንጂ። በአንድ ኔትወርክ ሁለት ማሽኖች አንድ የማክ አድራሻ አይዙም። ይህን የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ?

ከአድራሻው 12 አሃዞች የፊተኞቹ 6 የአምራቹ መለያ ናቸው። የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሙ ቨርቹዋልቦክስ 08:00:27 ብሎ ከጀመረ በኋላ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ሊያወጣ የሚችልበት ስፍራ ሳለለት፣ እኛ ግን «በአንድ ጀምበር ይህን ሁሉ ሰርቨር አነሣሁ» ለማለት ቸኩለን፣ አንዱን ቨርቹዋል ማሽን ከነአድራሻው እያባዛን በየኮምፒውተሩ እንዘራለን። ቪኤምዌርማ የተቀዳውን ማሽን ስንከፍት፣ አንቀሳቅሳችሁት ነው ወይስ ኮፒ አድርጋችሁት ብሎ ይጠይቀናል፤ እውነቱን ብንመልስ አዲስ አድራሻ ይሰጠናል። እኛ ግን ዊንዶውሱ ፈቃድ ዳግም እንዳይጠይቀን፣ የሊኑክሱም ቅንብር እንዳይናወጥብን ለጥቂት ድካም ሰስተን፣ ኮፒ ያደረግነውን «አንቀሳቅሼው ነው» እንላለን። ሐሰት ነው፤ ለማሽን ስለ ተነገረም ሐሰትነቱ አይቀርለትም።

ከዚያ ወዲያ ስዊቹ ያንኑ አድራሻ አንዴ በዚህ ጫፍ፣ አንዴ በዚያ ጫፍ እያገኘ ለአንዱ የተላከውን ለሌላው ያደርሳል፤ ዲኤችሲፒውም ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ አንድ አይፒ ያድላቸዋል። በአንድ ማሳ ላይ ሁለት የይዞታ ደብተር እንደ መስጠት ነው፤ ባለ ደብተሮቹ ይፋጃሉ፣ ደብተሩን የጻፈው ግን ቤቱ ተኝቷል።

በዚህም ሳቢያ ከሽንዲ ገጠር ሌሊት ተነሥቶ ለጉዳዩ የመጣ ገበሬ በአገልግሎት መስኮቱ ሥር ቆሞ «ሲስተም የለም» ይባላል። መብራትና መስመር የሚጠፋበት ቀን መኖሩን አልክድም፤ እርሱ ዕዳችን አይደለም። እኛው ያጋጨነውን በመስመር ባሳበብን ቀን ግን፣ የዚያ ሰው የመሳፈሪያ ብርና ሳያርስ የዋለበት ቀን ከእጃችን ይፈለጋል።

እንግዲህ እንመለስ፣ ወገኖቼ። በቨርቹዋልቦክስ ማሽኑን አጥፉት፤ የኔትወርክ ቅንብሩን ክፈቱና ከማክ አድራሻው ጎን ያለችውን ማደሻ ተጫኑ። ክሎን ስታደርጉ ለሁሉም የኔትወርክ ካርድ አዲስ አድራሻ የሚያወጣውን ምርጫ ያዙ፤ የሊኑክሱንም የማሽን መለያ አድሱ። የሰጣችሁትን አድራሻ በመዝገብ ጻፉ፤ ቪኤምዌር ሲጠይቃችሁም እውነቱን መልሱለት።