ያለ መቀላቀል አንድ መሆን

በሰንበት ትምህርት ቤት ምሥጢረ ሥጋዌን፣ የአምላክን ሰው መሆን፣ ሳስተምር ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ተዋሕዶ ማለት መለኮትና ሥጋ ተቀላቀሉ ማለት ነው?» ጥያቄውን እወደዋለሁ። አባቶቻችን ቃሉን በጥንቃቄ የጠበቁት ከዚሁ ስሕተት ነውና።

ተዋሕዶ አንድ መሆን ነው። ግን እንዴት ያለ አንድነት? ውላጤ የለበትም፤ በቃና ውኃው ወይን እንደ ሆነ መለኮት ወደ ሥጋ አልተለወጠም። ቱስሕት የለበትም፤ ሁለቱ ተደባልቀው ሌላ ሦስተኛ ነገር አልሆኑም። ኅድረትም አይደለም፤ ክርስቶስ እንደ ነቢያት መንፈስ ያደረበት ሰው ብቻ አይደለም። ከተዋሕዶም በኋላ ፍልጠት፣ መለያየት የለም። ቅዱስ ቄርሎስ ይህን ያስረዳው በጋለ ብረት ነው፤ ብረቱ ከእሳት ተዋሕዶ ያቃጥላል፤ ሲቀጠቀጥ ግን የሚጎዳው ብረቱ እንጂ የእሳቱ ባሕርይ አይደለም።

ንስጥሮስ መለኮትንና ሥጋን ለያይቶ ድንግል ማርያምን «ወላዲተ አምላክ» ማለትን በተቃወመ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን የተሰበሰበው ጉባኤ አወገዘው። አውጣኪ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ ሥጋ በመለኮት ተውጧል አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱንም ታወግዛለች። «ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ» ማለታችንን ሰምቶ ከአውጣኪ ጋር የሚደምረን ሰው ትምህርታችንን አላወቀም።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ልጇን ቀብራ የተመለሰች አንዲት እናት የጠየቀችኝን ይስማ፤ «እግዚአብሔር የእኔን ለቅሶ ያውቀዋል?» አለችኝ። ንስጥሮስ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ በአልዓዛር መቃብር ያለቀሰው ከአምላክ የተለየ ሰው በሆነ ነበር። አውጣኪ እውነት ቢሆን ኖሮ ደግሞ፣ ዕንባው ለታይታ በሆነ ነበር። በተዋሕዶ ግን ያለቀሰውና አልዓዛርን ከመቃብር የጠራው አንዱ ጌታ ነው። ስለዚህ «አዎን እናቴ፣ ያውቀዋል፤ እርሱ ራሱ አልቅሷልና» ብዬ መለስኩላት።

ዛሬ «ተዋሕዶ» የሚለው ስም በታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ በወጣቱ ቲሸርት ላይ ታትሞ እናየዋለን። መልካም ነው። ነገር ግን ትርጉሙን ያላወቁት ስም የወገን መለያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ ስሙን ስታወርሱ ምሥጢሩንም አስተምሯቸው፤ በሐዘናቸው ቀን የሚያጽናናቸው እርሱ ነውና።