ስለ ቤት ብድርና ሥራውን ስለሚለውጥ ሰው

ሰው የለመደውን ሥራ ትቶ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ የሚያየው ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቃል። የተለወጠው ከእርሻ ወደ ንግድ ወይም ከንግድ ወደ መንግሥት አገልግሎት የሆነ እንደ ሆነ ጥያቄው ቶሎ ይረሳል። ነገር ግን ለብዙ ዓመት ልጆች ሲያስተምር የነበረ ሰው ጠመኔውን አስቀምጦ በባንክ ተቀመጠ፤ የሰውን ቤት በመያዣ እየተቀበለ ገንዘብ ያበድር ጀመር የተባለ እንደ ሆነ፣ ይልቁንም እንደ ሆለታ ባለች ሰው ከሰው በሚተዋወቅባት ከተማ፣ ነገሩ በቀላሉ አያልፍም። አንዱ «እውቀቱን በገንዘብ ለወጠ» ይላል። ሌላው «ልጆች አሉት፤ ምን ያድርግ?» ብሎ ያዝንለታል። የሚነቅፈውም የሚያዝንለትም ስለ ደመወዙ ብቻ ይናገራሉ እንጂ አዲሱ ሥራ ምን እንደ ሆነ የሚመረምር አይገኝም። እኛ ልንመረምረው የምንወደው ግን ይኸን ነው፤ ደመወዙን ከባንኩ የሚቀበል አበዳሪ ለተበዳሪው በእውነት ወዳጅ ሊሆን ይችላልን?

ሥራን መለወጥ በራሱ ነውር እንዳይደለ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ነህምያ ለፋርስ ንጉሥ ለአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበረ፤ ኋላ ግን የይሁዳ ገዥ ሆኖ የኢየሩሳሌምን ቅጥር አሠራ። ማቴዎስም ከቀረጥ መቀበያ ተነሥቶ ወንጌላዊ ሆነ። ለተነሣንበት ነገር ከሁሉ የሚቀርበው ግን የመጥምቁ የዮሐንስ ምክር ነው። ቀራጮችና ጭፍሮች ወደ እርሱ መጥተው በጠየቁት ጊዜ ሥራቸውን እንዲተዉ አላዘዛቸውም፤ ቀራጩን ከታዘዘለት አብልጦ እንዳይወስድ፣ ወታደሩንም ማንንም እንዳይቀማና ደመወዙ እንዲበቃው መከራቸው እንጂ። ሆለታ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኰንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ከተከፈተባት ጀምሮ የወታደር ከተማ ስለ ሆነች ይህን ምክር ከሌላው ከተማ አብልጣ ብትሰማው አያስደንቅም። አሁን ደግሞ ባንኮች በየመንገዱ ዳር ቅርንጫፋቸውን ስለ ከፈቱ ለወታደሩ የተነገረው ቃል ለአበዳሪውም ይደርሰዋል።

ዳሩ ግን በአገራችን ማበደር በጥርጥር የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ ገንዘብ የቸገረው ባለ ርስት መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጥ ነበር። ይኸውም አበዳሪው መሬቱን ይዞ አዝመራውን በወለድ ፈንታ ይበላል፤ ባለ ዕዳው ዋናውን ገንዘብ ካልመለሰ መሬቱ አይለቀቅም። አዝመራው ለብዙ ዓመት ቢበላም ከዋናው ዕዳ አንድ ብር አይጎድልም። ስለዚህ አባት ያስያዘውን መሬት ልጁም ሳያስለቅቀው ይሞት ነበር። አራጣ የሚባለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ፍትሐ ነገሥት በወለድ ማበደርን የከለከለው ወለድ የድኻውን ጎጆ እንዴት እንደሚያፈርስ ስለሚያውቅ ነው። በቋንቋችንም በተበዳሪና በተበዳይ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ብቻ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ቢሆንም እንኳ ስንቱ ሰው ሳያስበው ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ተሻግሯል!

በዓመታት የሚከፈል የቤት ብድር ከዚህ የተለየ ሥርዓት ነው፤ ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት የቁጠባና የቤት ብድር ድርጅቶች በ1968 ዓ.ም. ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተባሉ። ያ ባንክ ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋራ ተቀላቀለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጎህ ቤቶች ባንክ ለዚሁ ለቤት ብድር ተቋቁሞ ሥራ ጀመረ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ በመያዣ የሚሰጠው በመሬቱ ላይ የተሠራው ቤትና ባለ ይዞታው ያለው መብት ነው።

የባንክ ወለድ ከአራጣ በምን ይለያል ለሚል ሰው አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ባንኩ የሚያበድረው ገንዘብ አብዛኛው የራሱ አይደለም። በሆለታ ወተት ሸጣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የምታስቀምጥ ሴት፣ በአበባ እርሻ ውላ የምትገባ ልጅ፣ ጡረታውን በባንክ የሚያሳድር ሽማግሌ፣ ገንዘቡ የእነዚህ ነው። እንግዲህ የብድሩ ሠራተኛ በአንድ ባለጠጋና በአንድ ድኻ መካከል የቆመ አይምሰለው፤ የቆመው በሁለት ድኾች መካከል ነው። ያለ ምርመራ ያበደረ እንደ ሆነ ያስቀመጠችውን ይጎዳል። ይህን ያህል ለባንኩ ተከራክረናል።

አሁን ደግሞ ወደ ተበዳሪው እንመለስ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 1,000,000 ብር በመቶ 15 ወለድ በ20 ዓመት ሊከፍል ተበደረ እንበል። በየወሩ የሚከፍለው 13,168 ብር ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 12,500 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 668 ብር ብቻ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳያጓድል የከፈለ እንደ ሆነ ከ1,580,000 ብር በላይ አውጥቶ ገና 816,000 ብር ገደማ ይቀርበታል። ሃያው ዓመት ሲፈጸም የከፈለው ሁሉ ከ3,160,000 ብር በላይ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሐሰት የለበትም፤ ውሉም በግልጽ ይጽፈዋል። ነገር ግን ከመቶ ተበዳሪ ስንቱ ከመፈረሙ በፊት ተረድቶታል? ዐሥር ዓመት ከፍዬ ግማሹን ጨርሻለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ሒሳቡን በሰማ ቀን የሚሰማውን ኀዘን ያየ ያውቀዋል።

የቀድሞው መምህር ከሌላው ሠራተኛ አብልጦ የሚጠቅመው በዚህ ስፍራ ይመስለኛል። መምህር የለመደው ተማሪው «ገባኝ» ስላለው ብቻ አለማመንን ነው። ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ አይቶ አያልፍም፤ መልሶ ይጠይቀዋል፤ በራሱ እጅ ሠርቶ እንዲያሳይ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ሰው ተበዳሪውን እርሳስ አስይዞ የመጀመሪያውን ዓመትና የዐሥረኛውን ዓመት ሒሳብ በራሱ እጅ ያስጽፈዋል። ስለዚህ እውቀቱን በገንዘብ ለወጠ የሚለው ነቀፋ ለሁሉ አይሠራም፤ ወንበሩን ለውጦ ሥራውን ይዞ የሄደም አለና።

ነገር ግን ማስተማር የማይበቃበት ጉዳይ አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ጭንቅም በእርሱ ላይ ነው። በሆለታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ዙሪያ ከገበሬ በተራ ውል መሬት ገዝቶ ያለ ካርታና ያለ ፈቃድ ቤት የሠራ ሰው ብዙ ነው። ሥራው በሌሊት ስለሚፈጸም ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» ብሎ ሰየመው። በ2011 ዓ.ም. የካቲት በለገጣፎ ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ብዙ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ ባለቤቶቹ በሜዳ ላይ ሲያለቅሱ አገሩ ሁሉ አይቷል። እንዲህ ላለ ቤት ባንክ አያበድርም፤ ካርታ የለውምና። አሁን አንድ ጎልማሳ ወደዚህ ወደ ቀድሞው መምህር መጣ እንበል። የሚያስይዘው ግን የጨረቃ ቤት አይደለም፤ ካርታ ያለው የእናቱ ቤት ነው። እናቲቱም ፈቅዳ ልትፈርም አብራው መጥታለች። ደመወዙ ወርኃዊውን ክፍያ ይችላል። ብድሩ ለግል ጉዳይ የሚሰጥ ስለ ሆነ ገንዘቡ የት እንደሚውል ባንኩ አጥብቆ አይመረምርም። ከወረቀቱ አንድም የጎደለ የለም። ጎልማሳው ግን በጨዋታ መካከል በከተማው ዳር ከአንድ ገበሬ መሬት በውል ሊገዛና ቤት ሊሠራ እንዳሰበ ይነግረዋል።

ባንኩ በዚህ ብድር የሚፈራው ነገር የለም። አዲሱ ቤት ቢፈርስ የእናቲቱ ቤት አለ። የሚጎዳው ተበዳሪው ብቻ ነው፤ እርሱም አይደለም፤ እናቲቱ ናት። ዝም ያለ ሠራተኛ ደንብ አልጣሰም፤ አለቃው አይወቅሰውም፤ እንዲያውም በወሩ መጨረሻ ያበደረው ገንዘብ ብዛት ሲቈጠር ይመሰገንበታል። የተናገረ እንደ ሆነ ግን ጎልማሳው ተቈጥቶ ወደ ሚቀጥለው ባንክ ሊሄድ ይችላል፤ ቅርንጫፉም ደንበኛ ያጣል። ባንኮች ሁሉ ዛሬ «ደንበኛን ማስቀደም» ይላሉ። ትርጉሙ ፈጥኖ ማስተናገድ፣ ተነሥቶ መቀበል፣ በትሕትና መናገር ከሆነ መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን እናቲቱን ሻይ አስመጥቶ እያጫወተ ቤቷን በአደጋ ላይ ያስፈረመ ሰው ደንበኛውን አስቀድሟልን?

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ሰው መናገር ግዴታው ነው፤ መናገርም ለጎልማሳው ብቻ ሳይሆን እናቲቱ እየሰማች ነው። ሰውየው ትልቅ ሰው ነው፤ ገንዘቡን በወደደው ሊያውለው ይችላል፤ የባንክ ሠራተኛ የንስሐ አባት አይደለም የሚል አለ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በሰው ኑሮ ሁሉ እየገባ የሚመክር ሠራተኛ ቢበዛ ድኻው ብድር ለመጠየቅ እስኪያፍር ድረስ ይዋረዳልና። ነገር ግን መምከርና መከልከል አንድ አይደሉም። ሠራተኛው የሚያውቀውን፣ ጎልማሳውም ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ከነገረው በኋላ ፈራጁ ባለ ጉዳዩ ነው። ሳይነግረው ያስፈረመው እንደ ሆነ ግን ነጻነቱን አከበርሁ ሊል አይችልም፤ ያላወቀ ሰው ምን ነጻነት አለው? የጋብቻ ቤት ሲያዝ የባልና የሚስት የሁለቱም ፈቃድ እንዲኖር የቤተ ሰብ ሕግ ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም ሚስቲቱ በቤቷ ላይ ምን እንደሚደርስ ሳትሰማ ጣቷን ቀለም አስነክራ የሄደች እንደ ሆነ ፊርማው ተገኝቷል፤ ፈቃዱ ግን የለም።

የሚደርሰውም ቀላል አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ ዕዳው በጊዜው ያልተከፈለው እንደ ሆነ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘውን ቤት ራሱ በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቅዶለታል። ኦሪት ዘዳግም አበዳሪው መያዣ ሊወስድ ወደ ባለ ዕዳው ቤት እንዳይገባ፣ በውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ፣ ድኻው የሚለብሰውንም ልብስ ከያዘ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስለት ያዛል። በዚያ ሕግ መያዣው ልብስ ነበረና ማታ ሊመለስ ይቻል ነበር። ቤት ግን ለማታ አይመለስም። ስለዚህ ያን ጊዜ በመመለስ ይደረግ የነበረው ምሕረት ዛሬ ከመፈረም በፊት ካልተደረገ ጊዜ የለውም።

ይህን ሁሉ ስንል በሠራተኛው ላይ ያለውን ፈተና ልንዘነጋ አይገባም። መምህር ወደ ባንክ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት፣ በይፋ ባይነገርም፣ ባንኮች ለራሳቸው ሠራተኞች ቤት መሥሪያ የሚሰጡት ብድር ወለዱ ለሌላው ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው። ይህ ሰው እድሜውን ሙሉ በኪራይ ቤት ኖሮ ቤት ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን በጠረጴዛው ወዲህ የተቀመጠው በጥቂት ወለድ ተበድሮ ቤት ሲሠራ፣ በወዲያ ያለው ጎረቤቱ በብዙ ወለድ ይበደራል፤ ሒሳቡንም የሚያስረዳው እርሱ ነው። ነህምያ በዘመኑ ሕዝቡ ከረኃብ የተነሣ እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘው ሲጮኹ በሰማ ጊዜ መሳፍንቱን ብቻ አልወቀሰም፤ እርሱና ወንድሞቹም ብርና እህል ያበደሩ መሆናቸውን ተናግሮ ሁሉም ወለዱን እንዲተዉ፣ የወሰዱትንም እርሻና ቤት እንዲመልሱ አደረገ። ለገዥ የሚገባውንም ቀለብ ዐሥራ ሁለት ዓመት አልበላም። የባንክ ሠራተኛ ወለዱን ይተው ዘንድ ሥልጣን የለውም፤ የተፈቀደለትንም ብድር እንቢ በል ብሎ የሚያስገድደው የለም። ነገር ግን ያ ጎልማሳ ከእናቱ ጋራ በፊቱ ተቀምጦ «አንተስ ብትሆን በዚህ ወለድ ትበደር ነበርን?» ብሎ የጠየቀው እንደ ሆነ፣ እናቲቱም መልሱን ለመስማት ቀና ብላ ያየችው እንደ ሆነ፣ የራሱን ወለድ ይነግራቸው ይሆን?